ቺንጊያ ወይስ አልቤሮ

«ለልጅህ ነው?» አለኝ ግሪሻ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፤
«አዎ» አልኩት፣ ምላሴ ከልቤ ቀድሞ ቸኩሎ።
ልጄ ሃያ ሁለቱ ነው፤ ሃይፋ ወደብ ላይ ብረት ይበይዳል፤
ይህን ጉዴን ቢሰማ፣ ከመሰላሉ በሳቅ ይወርዳል።
ገዢው እኔ ነኝ፣ እኔው፤ ሃምሳ ሦስት የሞላኝ፣
ሌሊቱን የመጋዘን በር፣ ጥበቃ የሚበላኝ።

ሁለት ሳጥን አወጣ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሎሚ ቢጫ፤
እንደ ገበያ ዶሮ ገለበጣቸው፤ ሆድ ለሆድ ሆነ ምርጫ።

«ይህ በቺንጊያ ነው፤ ጥርሳም ላስቲክ፣ ከፊት ከኋላ የታጠቀ፣
ሞተሩ ሲዞር አብሮ የሚዞር፣ ድምፁን ከሆዱ የደበቀ።
በለስላሳ አስፋልት ላይ፣ ቅቤ እንዳገኘ ቢላ ያልፋል፤
አንዲት ጠጠር ከዋጠ ግን፣ ጥርሱ ሁሉ ይረግፋል።

ይሄኛው ባለ አልቤሮ ነው፤ አንድ ዘንግ፣ ቀጥ ያለ ብረት፣
ከፊት ጎማ እስከ ኋላ፣ እንደ ጣራ ማገር እንጨት።
አቧራ አይገባው፣ ዝግ ነው። ባንዴ ስትጭነው ግን ያጉረመርማል፤
ወገቡ ይጠመዘዛል፣ ባንድ ጎኑ ይጋደማል።»

እርግጥ እሱ «ቺንጊያ» አላለም።
«ረጹዓ» ነው ያለው፣ ሩስኛው እየጎተተው፤
ዘንጉንም «ጋል» አለው። ማዕበልም እዚህ «ጋል» ነው።
እኔ ነኝ በልቤ የመለስኩት
ዘይት ወደ ጠጣው ቋንቋ፣ ወደ አዘዞ ጋራዥ፣
ካቻቪቴና ኩሽኔታ ወደሚባልበት።

በዚያ ጋራዥ ደጃፍ የሽቦ መኪና ነበረኝ።
ጎማው ቆርኪ፣ መሪው ረጅም እንጨት፤
ቺንጊያም አልቤሮም የለው፣
ሞተሩ አፌ ነበር።

የቤርሳቤህን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤
በቁልፍ ቀዳዳ ገብቶ ከዳቦ መሀል ይተኛል።
ስለዚህ ቢጫውን ያዝኩ፣ ባለ ብረት ወገቡን፤
ስድስት መቶ ሰቅል ቆጠርኩ፣ የሁለት ወር ትርፉን።
ለአንጓች «ሦስት መቶ» አልኳት።

ዓርብ ከሰዓት፣ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣
ከገበያው ጀርባ አስፋልቱ ባዶውን ሲዘረጋ፣
ሺራዝ የምትባል ልጅ መጣች፣ አሥራ ሁለት ቢሆናት ነው፤
ካልሲዋ ለየብቻ፣ መኪናዋ ቀዩ ነው።

ቢጫዬ ጮኸ፣ ተነሣ፣ ባንድ ጎኑ አጋደለ፤
የሷ እንደ ድመት ጥላ፣ ዝም እንዳለ ኮበለለ።

«ሳባ» አለችኝ ተንበርክካ፣ ጆሮዋን ከሆዱ አስጠግታ፣
«መኪናህ እኮ ያለቅሳል። ጥርስ ከጥርስ ተጣብቋል።
መሀሉ ወረቀት አስገባ፣ አጥብቀህ እሰር፣ ከዚያ አውጣው።»
ከኪሴ ያገኘሁት ወረቀት የግሪሻን ደረሰኝ ነው።
አጥፌ አስገባሁት፤ ጎማውን በጣቴ አዞርኩ፤
«ስድስት መቶ» የሚለው ቁጥር
በትንንሾቹ ጥርሶች ታኝኮ በወዲያ በኩል ወጣ።

ቢጫው መጮኹን ተወ።

ከዚያ ነፋሱ ተነሣ፤ ያ ከደቡብ የሚመጣው።
ቀዩ መሀል መንገድ ላይ ጥርሱን አፋጨና ቆመ።
ጠጠር ነው፤ የምስር ፍሬ የማታህል።
ታለቅስ ይሆን ብዬ ነበር፤ እጅጌዋን ሰበሰበች፤
አምባር የመሰሉኝ ሁለት ጥቁር ቀለበቶች
ለካ ቺንጊያ ኖረዋል። አንዱን አወለቀች።
«ዘንድሮ ሦስተኛው ነው» አለች፣ ቡሎኑን ከንፈሯ ላይ ይዛ።
እኔ ባትሪ አበራሁላት።
ሻማ የሚበራበት ሰዓት ደርሶ እናቷ ከፎቅ ትጣራለች፤
ሁለታችንም አልሰማንም።

እሑድ ጠዋት ከሥራ መልስ ግሪሻ ጋ ጎራ አልኩ፤
አንድ ኩሽኔታ፣ ትንሽ ግራሶ፣
ሁለት ቺንጊያ ደግሞ፣ ለቀዩ ልክ የሚሆን።
«ለልጅህ ነው?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ቺንጊያዎቹ ለሺራዝ ናቸው፤ ይህን ማለት እችል ነበር፣
ዙሪያውን ዞሬ፣ ከጥርስ ጥርስ እየተሻገርኩ።
«ኩሽኔታው ለኔ ነው» አልኩት። «መኪናውም የኔ ነው።»

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፤ ገና አሁን አየኝ።
ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ
በካልሲ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ገለበጠልኝ፤
ቀለሙ ያለቀ፣ ጎኑ የተጣፈ፣ ከኔ ልጅ የሚበልጥ።

ባለ ቺንጊያ ነው።

ለአንጓች ገና አልነገርኳትም።